የያሊኒ ከፍታ

ካያል ካሴት ስትሰማ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ነበር። በዚህኛው ካሴት ግን መቀመጥ እንቢ አላት። ቴፑን ከፍታ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች፤ ከመስኮቱ ወደ ጓዳ። ጓዳ ገብታ ለምን እንደገባች ይጠፋትና ትመለሳለች። ሦስተኛው ዘፈን ሲጀምር ቴፑን ጠቅ አድርጋ ታጠፋዋለች።

ሦስተኛውን ዘፈን የዘፈነችው ታናሽ እህቷ ያሊኒ ናት።

በሕንድ አገር በማድራስ የፊልም ካሴት ከፊልሙ ይቀድማል። ሲኒማ ቤቶቹ ገና ፖስተር ሳይለጥፉ ሻይ ቤቱም፣ አውቶቡሱም፣ የሠርግ ድንኳኑም ዘፈኑን ይዞ ይጮኻል፤ የፊልሙም ዕድል ግማሹ እዚያው ይወሰናል። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ካያል በጋዜጣ የምትጽፈውን ሂስ የሚጠብቅ ብዙ ነው። ሰዉ አታዳላም ይላታል። ያሊኒ በበኩሏ ስንት ዓመት ከሌሎች ጀርባ ተቀባይ ሆና ኖራ፣ ለብቻዋ ማይክ ፊት ስትቆም ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህን ካሴት ለሌላ ሰው ይስጡልኝ» አለችው ለጋዜጣው አዘጋጅ ለሙትያ። ሽማግሌው ከማራገቢያው ሥር ሸሚዙን ከፍቶ ላቡን ይጠርጋል።

«ለማን ልስጠው? ለስፖርቱ ሰውዬ? እሱ ከክሪኬት ሜዳ ጩኸት ሌላ ዜማ አያውቅ!»

«እህቴ አለችበት እኮ።»

«ታዲያ በዚህ ከተማ ፊልም ውስጥ ዘመድ የሌለው ማን አለ? የኔስ ሚስት ወንድም ከበሮ መቺ አይደል? አንቺ ብቻ ሚዛንሽን ያዢ፣ ልጄ። ሐሙስ እጠብቅሻለሁ።»

ሚዛንሽን ያዢ ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው። ካያል መጀመሪያ ስትጽፍ እህቷን እንደ ባላንጣ ቀጠቀጠቻት። መልሳ ስታነበው ደነገጠች። ሌላ ጀማሪ ብትሆን ይህን ያህል ትጨክንባት ነበር? አዳላች እንዳልባል ብዬ የገዛ ሥጋዬን ልበላ ነው ብላ ወረቀቱን ቀደደችው። ሁለተኛው ጽሑፍ ደግሞ ማር ማር አለ፤ እሱንም ቀደደችው። ቤቱ ጠበባትና ወጣች። አውቶቡስ ተሳፍራ ሳትደርስ ወረደች፤ በባሕሩ ዳር ሄደች፤ አሸዋው ጫማዋ ውስጥ ሲገባ ተመለሰች። አንድ ሻይ ቤት በራፍ ላይ የያሊኒ ድምፅ ያዛት።

ቆማ ሰማች። ዝቅ ያለው ክፍል ላይ ድምፁ ሙቅና ልስልስ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ብርጭቆውን እንደያዘ ጭንቅላቱን ወዝወዝ አደረገ። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ግን ድምፁ ተያዘ፣ ቀጠነ፣ ታነቀ። ሽማግሌውም መወዝወዙን ትቶ ሻዩን ጠጣ።

ካያል ቤቷ ገብታ አንድ ትንፋሽ ሳትወስድ ጻፈች። ከዘፈኖቹ አራቱን አሞገሰች፣ አንዱን ተራ ነው አለች። ስለ ሦስተኛው እንዲህ አለች፦ «ዘፋኟ ዝቅ ስትል ልብ ትይዛለች፤ ላይ ስትወጣ ትታነቃለች። ጥፋቱ ግን የአቀናባሪው የኢላማራን ነው፤ የልጅቷን ድምፅ ሳይለካ ዜማውን ሰቅሎባታል።» ከግርጌው ደግሞ ዘፋኟ የጸሐፊዋ እህት መሆኗን ገለጸች። በዚህም ለማንም ያላደላች መሰላት።

ዓርብ ከሰዓት ያሊኒ ጋዜጣውን ጠቅልላ መጣች። ጫማዋን እንኳ በራፍ ላይ አላወለቀችም።

«እትዬ፣ ምን ነክቶሽ ነው?»

«ምን አልኩሽ? ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ነው ያልኩት።»

«እሱን ነው እኮ የምልሽ! ከፍ አድርግልኝ ያልኩት እኔ ነኝ!»

ካያል ጋዜጣውን ከእጇ ተቀበለቻት።

«ኢላማራን ዝቅ አድርጎ ነበር የሠራው» አለች ያሊኒ። «ድምፅሽ እዚህ ነው የሚያምረው ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ የለመንኩት። ዕድሜ ልኬን ዝቅ ብዬ ከሰው ጀርባ ኖሬ፣ አንዴ እንኳ ላይ ወጥቼ ይስሙኝ ብዬ አለቀስኩበት። እሺ አለኝ። ዛሬ የፊልሙ ፕሮዲውሰር ሰው በተሰበሰበበት ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ወረወረበት። ድምፅ መለካት የማይችል አቀናባሪ ቀጠርኩ አለ። እሱ ግን ስሜን አልጠራም፣ እትዬ!»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀሽኛል?»

«አንቺን ብጠይቅማ አዳላች ይሉኛል።»

«እሺ እሱንስ?»

ካያል በማግስቱ ኢላማራን የሚሠራበት ስቱዲዮ ሄደች። ሰውዬው ባዶ እግሩን ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ እርጎ በሩዝ እየበላ ነበር። ሲያያት እጁን ታጠበና ወንበር ሳበላት፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«እህቴ ነገረችኝ» አለች። «አጥፍቻለሁ።»

«ምንም አላጠፉም። ካሴቱ ላይ ያለው ስም የኔ ነው። እሺ ያልኩትም እኔ ነኝ።»

«ሳይለካ ብዬ ጽፌያለሁ። እርስዎ ግን ለክተው ነበር።»

«ያንገበገበኝ እሷ ቃል ናት» አለ ኢላማራን። «ዘፈኑ አልተሳካም ቢሉ ውጬው አድር ነበር። የሰሙትን ሰማሁ ይበሉ፣ ማን ይከለክልዎታል? ያላዩትን ግን ለምን ይጽፋሉ?»

ካያል ከዚያ ወጥታ ወደየት እንደምትሄድ ሳታውቅ ብዙ ተጓዘች። ጆሮዋ አልዋሸም ነበር። እህቷን ከፍርድ ለማውጣት ስትል ሌላ ተከሳሽ ፈልጋ ማምጣቷን ግን ልቧ አልነገራትም ነበር።

ሙትያ ማስተካከያ ልጻፍ ስትለው ሳቀ። «የስም ፊደል ስንሳሳት እናስተካክላለን። ሂስ ሲስተካከል ግን የት አይተሻል? ሰው ይስቅብናል እኮ!»

«ይሳቅ፣ ጋሼ።»

የከበዳት ሌላው ነበር። እውነቱን ሙሉ ካወጣች እህቷን ታጋልጣለች፤ ግማሹን ካስቀረች ሰውዬው ከነጉድፉ ይቀራል። ለያሊኒ ስልክ ደወለችና ጠየቀቻት።

«ጻፊው» አለች ያሊኒ። «እኔ ነኝ የለመንኩት ብለሽ ጻፊ። ስሜን ብቻ አሳምረሽ ጻፊ።»

ማስተካከያው በተከታዩ ዓርብ ወጣ። ሰውም እንደተባለው ሳቀ፤ ተቀናቃኙ ጋዜጣ «የእህትማማቾች ችሎት» ብሎ አላገጠ። ፕሮዲውሰሩ ኢላማራንን ይቅርታ አልጠየቀውም፤ ለቀጣዩ ፊልሙ ግን መልሶ ጠራው። ለያሊኒ ለብዙ ጊዜ ማንም አልደወለላትም፤ ወደ ተቀባይነቷ ተመለሰች። ካያል ዘንድ መምጣቷን አልተወችም፣ ግን ስለ ዘፈን አታነሳም፤ ካያልም አታነሳም።

ፊልሙ ሲወጣ አብረው ገቡ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ያሊኒ ጥፍሯን ትበላለች። ዘፈኑ የመጣው ባለታሪኳ ባሏን የወሰደውን ጀልባ ተከትላ በወንዙ ዳር ስትሮጥ ነበር። ዜማው ወደ ላይ ወጣ፤ ድምፁ ታነቀ። ከካያል ፊት ያለችው ሴት በሳሪዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሁለት ወንዶች ደግሞ ሲጋራ ሊያጨሱ እየተጋፉ ወጡ።

ካያል ወንበሩ ቆረቆራት፤ ተንቀሳቀሰች።

«እህ?» አለቻት ያሊኒ በሹክሹክታ።

«እዚህ ጋ ደህና ነው።»

«ደህና ብቻ?»

«ካሴቱ ላይ ግን አሁንም ትታነቂያለሽ።»

ያሊኒ ክንዷን ቆነጠጠቻት፤ ሳቋ አምልጧት ከኋላ ያሉት «ዝም በሉ እንጂ!» ብለው ጮኹባቸው።