ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቀለበት

ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል። የዚያን ዕለት ግን ጆሮ የነበረው የወርቅ ቤቱ ኮርኒስ ነው፤ ለዚያውም በአቧራ የተደፈነ የሴት ጆሮ።

የጆሮው ባለቤት የመብራት ሠራተኛ ናት። ቶሎ ስለምትቃጠል የሥራ ጓደኞቿ “ፊውዝ” ይሏታል። እሷም “ፊውዝ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው” ብላ ስሙን እንደ ሹመት ተቀብላዋለች። የሱቁ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስለጠፋ፣ በጓዳው በኩል መሰላል አቁማ ኮርኒሱ ውስጥ ገብታለች። አይጥ የበላውን ሽቦ ፍለጋ በሆዷ ተኝታ፣ ባትሪዋን በጥርሷ ነክሳ፣ በክርኗ እየተሳበች ሳለ ከሥሯ የሱቁ በር ተከፈተ።

“እንደምን ዋሉ ጋሼ? ቀለበት ፈልጌ ነበር። ለእጮኛ የሚሆን።”

ባትሪው ከጥርሷ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ድምፁ የሾፌሩ ነው! የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ የእሷው፤ ትናንት በስልክ “ነገ ጎማ ላስቀይር ነው፣ ቀኑን ሙሉ አላገኝሽም” ያላት ውሸታም።

እዚህ ላይ “አለሁ!” ብላ መጣራት ነበረባት። ጨዋነት ጥሩ ነው፤ ወሬ ግን ይጣፍጣል። ባትሪዋን አጠፋችና ዓይኗን የአምፖሉ ቀዳዳ ላይ አደረገች።

እንዲህ ስታደርግ ደስታ ብቻ የተሰማት እንዳይመስላችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ ሰው ጣቷ ላይ ወፍራም የወርቅ ቀለበት አጥልቆላት ነበር። ኤሌክትሪክ የሚነካ ሰው ጣቱ ላይ ብረት አያደርግም፤ ስለዚህ ሥራ ስትገባ እያወለቀች ኪሷ ትከተዋለች። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ባዶ ጣቷን አየና “ወይ ቀለበቱ፣ ወይ መሰላሉ” አላት። መሰላሉን መረጠች። እናቷ “መሰላል ልጅ አይወልድም!” ብለው ወር ሙሉ አኮረፏት። ለማንም አልተናገረችም እንጂ መሰላሉን የመረጠችው እያለቀሰች ነው። ሾፌሩን ደግሞ ከዚያኛው አብልጣ ትወደዋለች። እሱም ያንኑ ቃል ከተናገረ፣ ሁለተኛ የምትመርጥበት አንጀት የላትም።

ወርቅ ሠሪው አርባ ዓመት ሙሉ ብረት ያቀለጡ፣ ተንኮል ግን ገና ያልወጣላቸው ሽማግሌ ናቸው።

“ቀለበትማ ወርቅ ነዋ!” አሉ። “ና፣ ወደ በሩ ቀረብ በል። ጨለማ ውስጥ ወርቅም ነሐስም አንድ ነው።”

“ወርቅ መሆኑ አይደለም ጋሼ። ከብረቶቹ ሁሉ ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው የቱ ነው?”

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። “ልጄ፣ የምታገባው ሰው ነው ወይስ ትራንስፎርመር?”

“የመብራት ሠራተኛ ናት።”

“ሴት የመብራት ሠራተኛ?”

“አዎ።”

የወርቅ ሠሪው መላጣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዘንበል አለና ዓይናቸው ቀጥ ብሎ የአምፖሉ ቀዳዳ ላይ አረፈ። ከቀዳዳው ወዲያ አንድ ዓይን ብልጭ ሲል አዩ። ሽማግሌ ነገር ያበርዳል ሲባል ሰምተን ነበር፤ እኚህ ግን ወናፋቸውን አነሱ።

“ጮክ ብለህ ንገረኝ፣ ጆሮዬ ደክሟል” አሉ፤ ጆሯቸው ከድመት የሚበልጥ ሰውዬ። “ብረት የሚመረጠው በጸባይ ነው። ለመሆኑ ጸባይዋ እንዴት ነው?”

“ደግ ናት። ግን…”

“ግን?”

“ስታኮርፍ ለጉድ ነው። አውቶቡሴ ውስጥ እንቅልፍ ከወሰዳት ደግሞ ታንኮራፋለች፤ ተሳፋሪው ሞተሩ የተበላሸ እየመሰለው ይደነግጣል።”

ፊውዝ ጡጫዋን ጨበጠች። ከላይ ትንሽ አቧራ ባንኮኒው ላይ ዘነበ።

“አይጥ ነው፣ ቀጥል” አሉ ወርቅ ሠሪው። “ሌላስ?”

“ስህተት ሰምታ ማለፍ አትችልም። ዝም አይነቅዝም የሚባለው እሷ ዘንድ አይሠራም። ባለፈው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ስታርመው ነበር፤ ‘ተመለስና በትክክል ንገረን!’ እያለች።”

“አሃ” አሉ ወርቅ ሠሪው። ይቺን ወሬ ከወርቅ ፍቅፋቂ ጋር ለብቻዋ ያስቀመጧት ይመስላሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። “ታዲያ ምን አስጨነቀህ? አግባትና ከሥራው አስወጣታ! ሚስት ይዘህ ጣሪያ ለጣሪያ እንደ ድመት ትዙርብህ?”

ፊውዝ ዓይኗን ቀዳዳው ላይ ይበልጥ ለጠፈች።

በቀዳዳው በኩል የሚታያት የሾፌሩ አናት ብቻ ነው፤ ከአናት ደግሞ ሐሳብ አይነበብም። ባንኮኒውን በጣቱ ሲመታ ሰማች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። “ይኸው መጣ” አለች በልቧ።

“ጋሼ፣ መጀመሪያ ያየኋት መሰላል ላይ ሆና ነው” አለ በመጨረሻ። “መናኸሪያው ጨልሞብን ሁላችንም እንሳደባለን። እሷ ከላይ ሆና ‘አንተ፣ ከምትሳደብ ና መሰላሉን ያዝ!’ አለችኝ። ያዝኩ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደያዝኩ ነኝ። ከዚያ ላይ ካወረድኳት እኔ ምን ልይዝ ነው?”

ፊውዝ አለቀሰች። የፊውዝ ለቅሶ ድምፅ የለውም፤ እንባው ብቻ ከአቧራው ጋር እየተለወሰ በሁለቱ ጉንጮቿ ወረደ። የሦስት ዓመት ፍርሃት እዚያ ኮርኒስ ላይ ቀረላት።

ወርቅ ሠሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ነገሩ እሳቸውንም ሳይነካቸው አልቀረም። ግን ተንኮላቸው ወዲያው ተመለሰባቸው።

“እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው” አሉ። “ብር ውሰድ። ብር ቀዝቃዛ ብረት ነው፤ ኤሌክትሪክ በአጠገቡም አያልፍም።”

“እርግጠኛ ነዎት?”

“አርባ ዓመት ሠርቼዋለሁ! አድርጋው ሽቦ ትጨብጥ፤ አንዲት ነገር አትሆንም።”

ፊውዝ ምላሷን ነከሰች። አሁን ብትናገር የሰማችው ሁሉ ይታወቅባታል። ሾፌሩ ደግሞ ደስ ብሎት “እሺ፣ ብር ይሁንልኝ!” ሲል ሰማች።

ይኼኔ ተቃጠለች።

“ውሸት ነው!” ጩኸቷ ኮርኒሱን አንቀጠቀጠው። “ከብረት ሁሉ አብልጦ የሚያሳልፈው ብር ነው! ከመዳብ እንኳ ይበልጣል! ሰው ልታስገድሉ ነው እንዴ?”

ሾፌሩ እንደተያዘ ሌባ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። ወርቅ ሠሪው ባንኮኒውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ።

“ብር ሳቀልጥ የኖርኩ ሰው ይህን የማላውቅ መስሏችሁ ነው?” አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። “ዓሣ በትል ይያዛል፤ ይቺ ደግሞ በስህተት።”

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና መውረድ ግድ ሆነ። ፀጉሯ ላይ የሸረሪት ድር፣ ጉንጮቿ ላይ ሁለት የጭቃ መስመር ይዛ ከጓዳው ብቅ አለች።

“አልቅሰሻል” አላት ሾፌሩ።

“አቧራ ነው። ጎማ ልታስቀይር አልነበር?”

“አንቺስ ሰው ጣሪያ ውስጥ ተጋድመሽ ምን ታደርጊያለሽ?”

“ሥራዬን ነዋ!”

“ከመቼ ጀምሮ ነው የሰማሽው?”

“ከማንኮራፋቱ በፊት ጀምሮ” አለች። “እሱን ለብቻችን እንነጋገርበታለን።”

ሾፌሩ ጆሮውን አከክ አከክ አደረገና ከኪሱ አንድ ጥቁር ክብ ነገር አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረ። ናስትሮ ነው፤ እሷው ሽቦ የምታሽግበት። ባለፈው ሳምንት የቀለበት ጣቷን ፒንሳ ቆንጥጧት ናስትሮ የጠቀለለላት እሱ ነበር። በማግስቱ ሳይቆርጥ ቀስ ብሎ አወለቀላትና “ልጣለው” ብሎ ሄደ። ለካስ ለልክ ደብቆታል! ወርቅ ሠሪው ናስትሮውን በመለኪያቸው ላይ አጥልቀው ልኩን ወሰዱና “ብረቱን ግን እሷው ትምረጥ” አሉ።

ፊውዝ ወርቁን አየች፣ ነሐሱን አየች። ብዙም አልቆየችም።

“ብር” አለች።

“ሰው ይገድላል ብለሽ አሁን አይደል እንዴ ጣሪያዬን ያፈረስሽብኝ?”

“ለዚያ ነው” አለች፤ የምታየው ግን ሾፌሩን ነው። “ሌላውም ያሳልፋል፤ ባደርገው ግን ‘ዛሬ ምን ይለኛል’ ብዬ እዘናጋ ይሆናል። ብርን ግን እፈራዋለሁ፤ አንድም ቀን ሳላወልቀው መሰላል አልወጣም። ጠዋት አውልቄ አንተ እጅ ላይ አኖረዋለሁ። ማታ ስመለስ መልሰህ ታጠልቅልኛለህ።”

“በየቀኑ?”

“ከአሁኑ ሰለቸህ?”

“ኧረ አይሰለቸኝም!” አለ ሾፌሩ፤ መዳፉን ከአሁኑ ዘርግቶ።

“የወርቅ ገበያዬን እንደሆነ አስቀራችሁብኝ” አሉ ሽማግሌው። “በይ ልጄ፣ እንግዲህ መብራቴን እንኳ አብሪልኝ!”

ፊውዝ ወደ ጓዳው ዞረች። የመጀመሪያውን እርከን ስትረግጥ ሾፌሩ ናስትሮውን ይዞ ተከተላት።

“ይሄኛውስ ያሳልፋል?”

“አያሳልፍም” አለች።

“እንግዲያው አድርገሽው ውጪ።”

ጥቁሩን ናስትሮ ጣቷ ላይ አጠለቀላት። ልኳ ነው። ወጣች፤ የተበላውን ሽቦ አገኘችው፣ ቀየረችው፣ አሸገችው። ከዚያም “ጋሼ፣ ብሬከሩን ያንሱት!” የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

ሱቁም ጓዳውም በአንድ ጊዜ ቦግ አለ። ወርቅ ሠሪው እንደ ሕፃን አጨበጨቡ። ሾፌሩ ግን አላጨበጨበም፤ ሁለት እጁም መሰላሉ ላይ ነበር።