ከድንኳን በላይ

"የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ኅብረት አገራችንን ጨምሮ ቢሰፋ ይደግፋሉ፣ ይቃወማሉ ወይስ አያውቁም?" ሜላት ታብሌቷን የሰዓት ቤቱ ባንኮኒ ላይ አስደግፋ ጠየቀች። ከስድስት ኪሎ ተመርቃ ሥራ እስክታገኝ ለአንድ የጥናት ቢሮ የሕዝብ አስተያየት ትሰበስባለች።

ሰዓት ጠጋኙ ጋሽ ሉልሰገድ ወረንጧቸውን አስቀመጡ። ፒያሳ ተቀምጦ አስተያየት የሚያጣ ሰው የለም፤ እሳቸውም አላጡም።

"እደግፋለሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል? በሩን ዘግቶ የት ይደረሳል!"

ሜላት መልሱን ሞልታ ወደሚቀጥለው አለፈች። "አዲስ አባል ሲገባ የነባሮቹ ሸክም ቢከብድስ? ያኔም ይደግፋሉ?"

ይህን ጊዜ ወይዘሮ አሰፋች ከአትክልት ተራ ዘንቢላቸውን ይዘው ሲመለሱ በደጁ አለፉ። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡ፤ ስለ ማመልከቻው ግን ዛሬም አልጠየቁም። ሰፈራቸው ፈርሶ እድራቸው ከተበተነ ወዲህ፣ እሳቸውን ጨምሮ እዚሁ አካባቢ ተከራይተው የቀሩት ዘጠኙ ጎረቤታሞች ጋሽ ሉልሰገድ ጸሐፊ ወደሆኑበት እድር ለመግባት ካመለከቱ ወር ሊሞላቸው ነው። ጋሽ ሉልሰገድ ማመልከቻውን ለማንም ሳያሳዩ መሳቢያ ውስጥ ከተውታል። ያለን ድንኳን አንድ፣ አመልካቾቹ ሁሉ ሽማግሌ፤ ሁለት ለቅሶ በአንድ ቀን ቢመጣ የማንን ደጅ ባዶ እናደርጋለን? ብለው ነው።

አሁን ግራ ገባቸው። ከእነ ናይሮቢና ኪጋሊ ጋር ለመኖር በአንድ ቃል ተስማምተው፣ አሰፋችን ደጅ አስጠንተዋል። ደግሞ ድንኳኑ አንድ መሆኑ ውሸት አይደለም። አፈሩም፣ ተናደዱም፤ በማን እንደተናደዱ ግን አላወቁትም።

"ጋሼ፣ ምን ልሙላ?"

"አያውቁም በይው።"

"የመጀመሪያውን እኮ እደግፋለሁ ብለዋል።"

"እሱንም አያውቁም በይው፣ ልጄ። እሁድ የእድር ስብሰባ አለብኝ፤ ከዚያ በኋላ ብትመጪ ይሻል ነበር።"

ቅጹ ዛሬ እንደሚዘጋ ነግራቸው፣ ያሉትን ሞልታ ወጣች።

ጋሽ ሉልሰገድ መሳቢያውን ከፍተው ማመልከቻውን ከአሮጌ ባትሪዎች ሥር አወጡ። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበቡ። አራተኛው ገብረዮሐንስ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ቀብሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ልጆቹ ድንኳን ፍለጋ ሲንከራተቱም አይተዋል። ያኔ ይህ ወረቀት ትዝ አላላቸውም።

የእሁዱን አጀንዳ ዘረጉ። ከወንበር ጥገናው በላይ፣ በተረፈችው ጠባብ ቦታ፣ "የእነ ወይዘሮ አሰፋች የአባልነት ጥያቄ" ብለው ጻፉ። ቀጥለው "ዘጠኝ ሰው" ሊሉ እስክሪብቶው ወረቀቱን ከነካ በኋላ አነሱትና፣ "ስምንት ሰው" ብለው ጻፉ።