«ስታርቭድ» ማለት

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ በኅዳር ወር፣ ዶሪን የሚባሉ በዕድሜ የገፉ እንግሊዛዊት የበግ ባለሙያ መንዝ መጡ። ሞላሌ ከተማ እንግሊዝኛ የምታስተምረው እፀገነት አስተርጓሚ ሆና አብራቸው ወጣች። ያረፉት በግ አርቢዋ እማማ ጌታነሽ ቤት ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዶሪን መደቡ ላይ ኩርምት ብለው አንዲት ቃል ተናገሩ። «ስታርቭድ።»

እፀገነት አላመነታችም፤ ለተማሪዎቿ ስንት ጊዜ ያስጻፈችው ቃል ነው። «እርቧቸዋል» አለች።

«በሞትኩት! ቤቴ የገባ እንግዳ ይራባል?» ጌታነሽ ብድግ አሉ። ትኩስ ቂጣ ከተልባ ጋር ቀረበ። ዶሪን አመስግነው በሉ። ሲጨርሱ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ያንኑ ቃል ደገሙት።

«አሁንም?» አሉ ጌታነሽ።

«አሁንም» አለች እፀገነት፣ ራሷም ግራ ገብቷት።

የገብስ ገንፎ ተገነፋ። ዶሪን ባለቤቲቱን ላለማስቀየም ታገሉ፤ ግማሹን እንደምንም አውርደው ማንኪያውን አስቀመጡ። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

ጌታነሽ ትክ ብለው አዩዋቸው። «የኔ ልጅ፣ የተራበ ሰው ገንፎ ያተርፋል? እኚህ ሴትዮ እኮ በርዷቸው ነው!» አሉና የሱፍ ባናቸውን ከአልጋ ስበው ጠቀለሏቸው። ዶሪን ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ተነፈሱ።

እፀገነት አፈረች። ግን ከእፍረቱ ጉጉቱ ባሰባት። ቃሉ ለረሃብ አይደለም እንዴ ብላ ጠየቀቻቸው።

ዶሪን ሳቁ። የተወለዱት በሰሜን እንግሊዝ፣ በግ በሚረባበት ብርዳም ተራራ ላይ ነው። እዚያ ሽማግሌዎች ሲበርዳቸው እንዲህ ይላሉ። «ድሮ ድሮ ቃሉ መሞት ብቻ ነበር» አሉ፤ «በጦርም ይሁን በበሽታ። ጀርመኖች ዛሬም ለመሞት የሚሉት ቃል የዚሁ ዘመድ ነው። ኋላ እኛ ሰሜኖቹ በብርድ ለመሞት ያዝነው፣ ሌላው አገር በረሃብ ለመሞት። የእነሱ አሸነፈ። አሁንማ የልጅ ልጆቼ ምሳ ትንሽ ከዘገየባቸው ይሉታል።»

እፀገነት ስትተረጉም ጌታነሽ እንዝርታቸውን አቁመው ሰሙ።

«እኛስ ብርድ ገደለኝ፣ ረሃብ ገደለኝ እንል የለ?» አሉ። «ብቻ እኛ ገዳዩን በስሙ እንጠራለን። እነሱ ሳይጠሩት ቀርተው ነው ሰሜንና ደቡብ የተሻሙበት።»

ዶሪን ይህ ሲተረጎምላቸው ከባናው ውስጥ ብቅ ብለው፣ እባክሽ ድገሚልኝ አሉ።

ሰኞ እፀገነት ክፍል ገባች። ቃሉን ሰሌዳው ላይ ጻፈችና ትርጉሙን ተወችው። ታሪኩን ብቻ ነገረቻቸው፤ ሞቱን፣ ብርዱን፣ ረሃቡን። ከዚያ፣ «ሰው ሌላ ምን ገደለኝ ይላል?» ብላ ጠየቀች።

የትምወርቅ የምትባለው ተማሪ እጇን አወጣች። «ናፍቆት» አለች። «እንግሊዞቹ ያንን ቃል ለናፍቆትም ይሉታል?»

እፀገነት ጠመኔውን እንደያዘች አሰበች። አታውቅም። ዶሪን በዚያ ሳምንት ዘመሮ ከተማ ነበሩ፤ ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍራ ልትጠይቃቸው ወሰነች።