ቀዩ መኪና ታርጋ የታሰረለት ቀን

ቦንጋ ውስጥ እንደዚያ ያለ መኪና አንድ ብቻ ነበር። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው ስፖርት መኪና። የቡና ነጋዴው የጋሽ ወርቅአፈራሁ ልጅ እንዳለ ሲነዳው ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው ሳይቀር ድምፁን ሰምቶ ብቅ ይላል፤ ባጃጆች ጥግ ይዘው ያሳልፉታል። ይህ መኪና ከዋጫ በሚመጣው መንገድ ዳር ተንበርክኮ የባጃጁን ጎማ ይፈታ የነበረውን የባጃጅ ሹፌር ሰብሃትን ገጭቶ ገደለ፤ ሳይቆምም አለፈ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ያየ ሰው ይናገር ሲሉ ግን ሰፈሩ በአንድ አፍ መለሰ፦

«ቀይ መኪና ሲያልፍ አይተናል። ታርጋውን ግን አላየንም።»

የሟቹ ታላቅ ወንድም ደጉ ይህን ሲሰማ ከተቀመጠበት ተነሣ። ቦዲ ሠራተኛ ነው፤ የተጨማደደ መኪና ቀጥቅጦ ወደ ቅርጹ የሚመልስ። ንዴቱ ቅርብ ነው።

«ሰማይ ላይ ያለችውን ፀሐይ አይታችኋል ወይ ብዬ ብጠይቃችሁ፣ አዎ ግን ቁጥሯን አላነበብንም ልትሉኝ ነው?»

አንድ ሰው ሳያስበው ሳቀና ሳቁን መልሶ ዋጠው። የሰፈሩ ሰዎች የጋሽ ወርቅአፈራሁን ፊት ማየት ነበረባቸው፤ ቡናቸውን የሚረከባቸው እሱ ነው። ደጉን ያንገበገበው ውሸቱ ብቻ አልነበረም። ሰዎቹ ለቅሶ ቤት መጥተው ከልባቸው አልቅሰዋል። ያለቀሱበት ዓይን ነው ታርጋ ማየት ያቃተው።

ከሁሉ የባሰው የእንዳለ ዝምታ ነበር። እንደዚያ ያለ መኪና አንድ ብቻ ስለሆነ ግጭቱን መካድ አልተቻለም፤ ሽምግልናው በተቀመጠ ቁጥር ግን የሚናገረው አባቱ ነው። «ልጄ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው። ሟች፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ድንገት ገባበት። የሸሸውም ደንግጦ ነው» ይላል። የፍርድ ቤቱ ጉዳይ በቀጠሮ ላይ ነው፤ እንዳለ በዋስ ወጥቷል። ዕርቅ ከወረደ ቅጣቱ እንደሚቀል ጠበቃው እንደነገራቸው የማያውቅ የለም። ደጉ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ልጁ የሆነውን በገዛ አፉ እናታቸው ፊት እንዲናገር።

የደጉና የሰብሃት እናት እትዬ አበዛሽ ግን ዕርቁን ተቀበል አሉት።

«ሁለት ልጅ ነበረኝ። አንዱን መኪና በላብኝ። ሌላውን ቂም እንዲበላብኝ አልፈልግም።»

ለእሳቸው ሲል እሺ አለ። ያኔ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ሐጂ ሱሩር የዕርቁን ማሰሪያ ተናገሩ። መኪናው አዲስ አበባ ሄዶ ተጠግኗል፤ የፊቱ ግጭት መከላከያ፣ ፓራውልቱም፣ ተቀይሯል። የቀረው የፊት ታርጋው ብቻ ነው። እሱን ደጉ በእጁ ይሰረው፤ እስከዚያ ድረስ መኪናው መንገድ አይውጣ።

«አባቶቻችን ሲያስታርቁ ሰው የገደለውን ጠመንጃ ከተበደለው ቤት አንዱ አንሥቶ ለባለቤቱ ይመልስ ነበር» አሉ። «እጁ ሲነካው ዕርቁ ከአፍ አለፈ ማለት ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው በጭነት መኪና ተጭኖ ደጉ ጋራዥ ደረሰ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ግቢው ጭቃ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ እትዬ አበዛሽም ነጠላቸውን አጣፍተው ከጎናቸው። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ጃንጥላ ይዞ ቆመ። እንዳለ ነጭ ጫማ አድርጓል።

«ለይምሰል ያህል ነው እንግዲህ፣ ደጉ» አለ ጋሽ ወርቅአፈራሁ። «በሁለት የሪቤት ሚስማር ምታውና ይብቃህ።»

«እኔ ለይምሰል የምሠራው ሥራ የለኝም፣ ጋሼ።»

ደጉ ጎንበስ ብሎ የመኪናውን አፍንጫ ዳሰሰ። አዲሱ ፓራውልት ሹል ነው፤ መሃሉ ወደ ፊት ያበጠ፣ ታርጋ የሚያርፍበት ቦታ የሌለው። ታርጋውን እንዲሁ ቢመቱት ጫፍና ጫፉ እንደ ክንፍ ተገንጥሎ ይቀራል፤ በኮረኮንቹ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ይወድቃል። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሐሳብ ሲያባብለው ነበር፤ አጣሞ ማሰር። መኪናው ባለፈ ቁጥር ሰው ይሳቅበት። አሁን አጠገቡ ሲንበረከክ ሐሳቡን ናቀው። ሳቅ ነገሩን ያቀልለዋል። ከተማው ስቆ ቢገላገል የሚጠቀመው ወርቅአፈራሁ ነው። ቀጥ ብሎ ይታሰር፤ ከሩቅ ይነበብ።

ከላሜራ ቁራጭ ማስደገፊያ ቆረጠ። እያስጠጋ እየለካ፣ በትንሹ መዶሻ እየነካ፣ የአፍንጫውን ጉብታ እንዲከተል አጎበጠው። ጥቁሩን የታርጋ ፍሬም በላዩ ላይ አደረገና ዞር አለ።

«እንዳለ፣ ና ያዝልኝ።»

«ሠራተኛ የለህም እንዴ?» አለ አባትየው።

«አለኝ። እሱ ይያዝልኝ።»

እንዳለ አባቱን አየ፤ ከዚያ መጥቶ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ፍሬሙን በሁለት እጁ ያዘ። ደጉ ውሃልኩን ከላዩ አስቀመጠ።

«ግራው ዝቅ ብሏል። ከፍ አድርገው። በዛ። እኔን አትይ፤ ውሃልኩን እይ።»

የውሃልኩ አረፋ ወዲያና ወዲህ እየሮጠች መሃል ላይ አልቆም አለች።

«እጅህን አቁመው።»

«እምቢ አለኝ፣ ጋሽ ደጉ።»

«ያን ቀንስ እጅህ የት ነበር?»

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ጃንጥላውን ዝቅ አደረገ። «ደጉ፣ ይኼ በሽምግልና ያለቀ ነገር ነው።»

«ያለቀው የእርስዎ ንግግር ነው፣ ጋሼ። የእሱ አልተጀመረም።»

ልጁ ዓይኑን ከውሃልኩ ሳያነሣ፣ ፍሬሙንም ሳይለቅ ተናገረ። ድምፁ ቀጭን ነበር።

«አንዱ እጄ መሪ ላይ ነበር። በሌላው ስልክ ይዤ ነበር። ራሴን እየቀረጽኩ ነበር።»

«ዝም በል አንተ» አለ አባቱ።

«ወርቅአፈራሁ፣ አንተ ዝም በል» አሉ ሐጂ ሱሩር። «እስከ ዛሬ አንተን ስንሰማ ከርመናል።»

«ሰብሃት መንገዱ ውስጥ አልገባም» አለ እንዳለ። «ዳር ላይ ነበር። ወደ እሱ የሄድኩት እኔ ነኝ። ከመታሁት በኋላ በመስታወት አየሁት። ወድቆ አየሁት። ሄድኩ።»

ልጁ ሲናገር እትዬ አበዛሽ ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አልነቀሉም። ቀስ ብለው ጠየቁት።

«ልጄ ድምፅ አሰማ?»

እንዳለ ፍሬሙን እንደያዘ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ሙዚቃው ጮክ ብሎ ነበር፣ እማማ። አልሰማሁም።»

ሴትዮዋ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ደጉ እውነቱን ሲሰማ የሚበርድለት መስሎት ነበር። አልበረደለትም። ያለፉትን ወራት ሁሉ ይህን ቃል ሲለምን ኖሮ አሁን በእጁ ሲገባ እንደ ጋለ ብረት አቃጠለው። ድሪሉን ከመሬት አነሣ። የልጁ አንገት ከፊቱ ነው፤ የሸሚዙ ኮሌታ በላብ ርሷል። ሐጂ ሱሩር ከወንበራቸው ግማሽ ድረስ ተነሡ።

«ያዝ» አለ ደጉ። «እንዳትለቅ።»

አረፋዋ መሃል ላይ ቆማለች። መቼ እንደቆመች ሁለቱም አላዩም። ደጉ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በሳ፤ ፕላስቲኩ እንዳይሰነጠቅ ድሪሉን ሳይጫን። ከማስደገፊያው ጀርባ የጎማ ቁራጭ አደረገለት፣ ብሎኖቹን በካቻቢቴ አጠበቀ፣ ታርጋውን ፍሬሙ ውስጥ አስገብቶ በመዳፉ ገፋው። አልተነቃነቀም። ጥፍሩን በፍሬሙና በፓራውልቱ መካከል ለማስገባት ሞከረ፤ ቦታ አጣ። በእጅጌው ጭቃውን ጠረገለትና ቀና አለ።

«ይኼን ለዳኛው ትደግመዋለህ?»

«ይህማ ሌላ ጉዳይ ነው» አለ ጋሽ ወርቅአፈራሁ። ቁጣው ወደ ልመና ተለውጦ ነበር። «ደጉ፣ ልጅ ነው። ለማስታረቅ እንጂ ለማሳሰር አልመጣንም።»

«እሱን ነው የጠየቅኩት፣ ጋሼ።»

እንዳለ ተነሣ። ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ነው። ከኪሱ የመኪናውን ቁልፍ አወጣና ለአባቱ ዘረጋ። አባትየው ስላልተቀበለው ኮፈኑ ላይ አስቀመጠው።

«እደግመዋለሁ» አለ። ከዚያ ወደ ደጉ ዞሮ፣ «ግን ብቻዬን ከገባሁ፣ አባባ ፊት፣ ጠበቃው ፊት፣ ቃሌ የሚጠፋብኝ ይመስለኛል። አብረኸኝ ትሄዳለህ፣ ጋሽ ደጉ?»

ደጉ መሣሪያዎቹን መሰብሰብ ጀመረ። ካቻቢቴውን ከድሪሉ ጎን አስተካክሎ አስቀመጠ፤ መዶሻውን ጠረገ።

«እሄዳለሁ» አለ በመጨረሻ። «ላንተ ብዬ አይደለም። ስትናገር ከሰብሃት ቤት አንድ ሰው እዚያ ይኑር ብዬ ነው።»

እትዬ አበዛሽ ነጠላቸውን ከፊታቸው አወረዱ።

«ሁለት ሰው» አሉ።