ከአንድ ሸክላ

«ድንኳኑ ጥግ ለብቻው የተቀመጠው ማን ነው?» አሉ እትየ በለጠች፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ባሌ ነው፤ ትዕዛዙ» አለች አምለሰት።

አክስቷ ከንፈራቸውን መጠጡ። «አባትሽ ሳይቀበሉት አለፉ። ወንድምሽ ወንዳወቅም አጠገቤ እንዳይደርስ ብሏል።»

አባቷ አቶ ወልደ ዮሐንስ፣ ማንኩሳ ከተማ አጠገብ የተቀበሩት ትናንት ነው። አምለሰትና ትዕዛዙ ሽማግሌ ሳይላክ በማዘጋጃ ቤት ስለተጋቡ፣ አባቷ «እንግዲህ ደጄን እንዳትረግጡ» ብለው ነበር።

ለወትሮው ቃላቸውን አያጥፉም ነበር። ግን ባለፈው በዓለ ሃምሳ ዓይናቸውን ሊታከሙ እነአምለሰት ወደሚኖሩበት ፍኖተ ሰላም መጡ። ሐኪሙ አንድ ዓይናቸውን ሸፍኖ ሲለቃቸው ርቧቸው ስለነበር፣ አምለሰት መናኸሪያው አጠገብ ያለ፣ አስተማሪውም ገበያተኛውም ከሚበላበት ምግብ ቤት አስገባቻቸው። ሸክላ ጥብስ አዘዘች። ጥብሱ ከነፍሙ እየተንጫጫ ሲቀርብ ትዕዛዙ ለምሳ ገባ። አያቸውና ሊመለስ ዞረ።

«ማነው እሱ?» አሉ አባቷ።

«ትዕዛዙ ነው፣ አባየ።»

አባቷ ወደ ትዕዛዙ ዞሩ። «ና ተቀመጥ። ይኸ ከበረደ አይበላም።»

ተቀመጠ። አባቷ በአንድ ዓይናቸው እየገመቱ እጃቸውን ሲሰዱ የጋለው ሸክላ ሊያቃጥላቸው ሆነ። ትዕዛዙ ፈጥኖ ሸክላውን ሸሸት አደረገና ሥጋውን በእንጀራ ጠቅልሎ አጎረሳቸው። አላምጠው ዋጡ።

«አባትህ አሉ?»

«የሉም። እናቴም የለች። ያሳደገኝ የሰው ቤት ነው።»

አባቷ መብላታቸውን አቆሙ። «ታዲያ ሽማግሌ ማን ይልክልህ ኖሯል!» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። ከዚያ ከሸክላው መልካሙን ሥጋ መርጠው አጎረሱት። «ክረምቱ ሲወጣ ቤት ትመጣላችሁ። ለዘመዶቻችን እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ክረምቱ ሳይወጣ፣ ለማንም ሳይናገሩ ሞቱ።

አምለሰት ከአክስቷ አጠገብ ተነሥታ ወደ ወንድሟ ሄደችና ሁሉንም ነገረችው። ወንዳወቅ መሬት መሬት እያየ አዳመጣት።

«አባየ እንዲህ አሉ?»

«አሉ። ‹ወንዳወቅ ነው ችግሩ፤ በግትርነቱ እኔን ነው የወጣው› ብለውም ሳቁ።»

ወንዳወቅ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ቆይቶ ተነሣና ድንኳኑን አቋርጦ ትዕዛዙ አጠገብ ተቀመጠ። የለበሰውን የአባቱን ጋቢ ፈታ አድርጎ ግማሹን በትዕዛዙ ትከሻ ላይ ጣለለት።