ጌሮንቲ መጣልህ፣ አባዬ

«አባዬ፣ ማን እንደመጣ እይ! ጌሮንቲ መጣልህ! ወንድምህ መጣልህ!»

ኤቴሪ ይህን ብላ ስትጮህ በሬሳ ሣጥኑ ዙሪያ የተቀመጡት ሴቶች ለቅሷቸውን አቋረጡ። አክስቷ ዡዡና መሐረቧን ከአፍንጫዋ አንስታ በሩን አየች። በሩ ላይ ማንም የለም።

«የታለ?»

ኤቴሪ በመስኮቱ ተመለከተች። ጌሮንቲ መንገዱን ተሻግሮ የአጥሩን በር ሲይዝ አይታው ነበር። አሁን በሩን ለቆ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው፤ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው።

«ተመለሰ» አለች።

«ወይ ጉዴ! ለሟች ነግረሽው?»

አስከሬኑ ሳሎን ከገባ ጀምሮ የለቀስተኛውን ስም እየጠራች ለአባቷ የምትነግረው እሷ ነበረች። ጎረቤት፣ የድሮ ተማሪ፣ ከዙግዲዲ ከተማ የመጣ ዘመድ፣ ሁሉም በስሙ ተነግሮለት በሣጥኑ ዙሪያ ዞሮ ወጥቷል። ያልገባ ሰው ገባ ብላ አታውቅም።

«በሕይወት ያለን ሰው ቢዋሹት ይቅርታ ይጠየቃል» አለች ዡዡና። «ይኼንን መቼ አግኝተሽ ልትጠይቂው ነው? ከሰዓት በኋላ ይቀበራል!»

«ይህን ሁሉ ዓመት ያልገባ ሰውዬ፣ አንቺ በአንድ ጩኸት አስገባሽው» አለች አንዲት ጎረቤት። ሁለት ሴቶች ሳቃቸውን በመሐረባቸው አፈኑ።

ኤቴሪ ተነሣች፣ ተቀመጠች። ያልተጣመመ ሻማ አቃናች። እንደገና ተነሣች።

አባቷ ኦቲያ የመንደሩ የታሪክ መምህር ነበር። እራት ላይ የበቆሎ ገንፎውን በጣቱ እየቆረሰ ከጥንቱ ከኮልኪስ መንግሥት ይጀምራል፤ ሰዎች የበግ ቆዳ ወንዝ ውስጥ ዘርግተው ወርቅ ያጠምዱበት ከነበረው ዘመን። ከዚያ አገሩን ወዳገነነችው ንግሥት ዘመን፣ ከዚያ እየተመላለሰ አገሩን ወዳነደደው ቲሙር፣ ወደ ፋርሶች፣ ልጠብቃችሁ ብላ ገብታ ወደቀረችው ሩሲያ፣ አያቱ ተወስዶ ወዳልተመለሰበት የቀዮቹ፣ የኮሚኒስቶቹ ዘመን ይሄዳል። ነጻነት ላይ ሲደርስ ሳህኑ ባዶ ይሆናል።

«ከዚያስ?» ትለዋለች።

«ከዚያ ወዲህ ያለው ገና ታሪክ አልሆነም፤ ወሬ ነው» ብሎ ይነሣል።

ወሬውን ከሴቶቹ ሹክሹክታ ነው የለቃቀመችው። ከነጻነት በኋላ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በጦር መሣሪያ ከሥልጣን ሲባረር አውራጃቸው ሳሜግሬሎ ከእሱ ጋር ቆመ። ኦቲያም እንደዚያው። የአዲሱ መንግሥት ታጣቂዎች መንደሩ ሲገቡ ጌሮንቲ ገበታ ዘርግቶ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ እንስራውን ከፍቶ ወይን ቀዳላቸው። ከዚያ ገበታ የተነሡ ሰዎች የኦቲያን ቤት አቃጠሉ። ኦቲያ ቤቱን እዚያው መልሶ ሠራ። ከዚያ ወዲያ ወንድማማቾቹ ቃል አልተለዋወጡም፤ የአንዱ ላም ከሌላው ግቢ ስትገባ እንኳ የምትመለሰው በጎረቤት ነበር።

ኤቴሪ ወጣች። በረንዳው ላይ ተሰልፈው የቆሙት ወንዶች «ወዴት ነው? ልጅ አባቷን ጥላ ትወጣለች?» አሉ። መንገዱን ተሻግራ ወደ አጎቷ ግቢ ገባች።

ጌሮንቲ ጢሙን ተላጭቶ፣ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

«አጎቴ፣ ይነሡ እንሂድ።»

«ሄጄ ነበር እኮ። አጥሩ ድረስ።»

«ለአባዬ ገብተዋል ብዬ ነግሬዋለሁ።»

ሽማግሌው ብድግ አለ። «ሳልገባ? ማን ንገሪው አለሽ?»

«ቸኮልኩ።»

«አንቺ መቼ ሳትቸኩይ ቀርተሽ ታውቂያለሽ! ሕፃን ሆነሽም ጽዋው ሳይመረቅ ነበር የምትጨልጪው።» ወደ መንገዱ ማዶ አየ። «ታዲያ… እሱ ምን አለ?»

ያለው ነገር ለራሱም ሲሰማው ፊቱን ወደ ወይኑ ሐረግ አዞረ።

«ለምን ገበታ ዘረጉላቸው?» አለችው። ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም።

«እንዲጠግቡ። የጠገበና የሰከረ ሰው ይተኛል ብዬ። የአባትሽን ቤት ጠየቁኝ፣ አላውቅም አልኩ። ጠጡ፤ አልተኙም። ሌላ ሰው አሳያቸው።»

«ለምን አልነገሩትም?»

«ቤቱ የነደደበት ሰው ይህን ይሰማል? ቤቴ ቆሞ እያየው በምን አፌ?»

ኤቴሪ ቆማ መቆየት አልቻለችም፤ ደረጃውን ወጣች፣ ወረደች። ተማሪ ሳለች፣ አባቷ ስለ ቲሙር ሲያስተምር እሷም ክፍሉ ውስጥ ነበረች። በየሸለቆው፣ ጠላት በልቶ እንዲያልፍ ገበታ የሚዘረጋ አንድ ሰው ይኖር ነበር አለ። የአንዱም ስም አልተጻፈም። አንድ ተማሪ ለምን አልተጻፈም ብሎ ጠየቀ። «የጻፉት ቤታቸው የተቃጠለባቸው ጎረቤቶች ስለነበሩ ነው» አለ አባቷ።

ይህንኑ ለአጎቷ ነገረችው።

«እሱ ራሱ እንዲህ አለ?»

«በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ከዚያ ዞሮ ሰሌዳውን ጠረገ። የተጻፈበት ነገር አልነበረም፤ ግን ብዙ ጠረገው።»

ጌሮንቲ የደረጃውን መደገፊያ እንጨት ያዘ። «እና እኔ ደግሞ፣ በዓል በመጣ ቁጥር እጠብቀው ነበር» አለ። «ታላቄ አይደል? እሱ ይጀምር ብዬ።»

«አሁንም እየጠበቀዎት ነው። ሊያነሡት ነው፣ ቶሎ ይበሉ!»

መንገዱን ሲሻገሩ ወንዶቹ ወሬያቸውን ትተው ገለል አሉ። ጌሮንቲ የበሩ ደፍ ላይ አመነታ፤ ኤቴሪ ከኋላው ስለነበረች መመለሻ አልነበረውም። ገባ። በሣጥኑ ዙሪያ እንደ ሌላው ሰው ዞረ፤ የወንድሙ ራስጌ ሲደርስ ግን ቆመ።

«ደግመሽ ንገሪው» አለች ዡዡና።

«ነግሬዋለሁ» አለች ኤቴሪ።

ሣጥኑን የሚያነሡት ጎረምሶች ሲገቡ ጌሮንቲ ቦታውን አልለቀቀም። «አባባ፣ ይተዉልን፤ ይከብድዎታል» አሉት። «ዝም በል፣ ያዝ!» ብሎ ትከሻውን ከፊት አስገባ።

ወደ መቃብሩ የሚያወጣው መንገድ አቀበት ነው። የሣጥኑ ጠርዝ የሽማግሌውን አጥንት ሲጫነው ከንፈሩን ነከሰ። ከሴቶቹ ጋር ኋላ መቅረት የነበረባት ኤቴሪ ሰውን እየገፋች ወደ ፊት መጣች፤ ጥቁር ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታች፣ እየተራመደች አጠፈችው፣ በእንጨቱና በአጎቷ ትከሻ መካከል አስገባችው።