ስም ያልተጠራበት የጸሎት ርዕስ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ሰው ለማማት አይደለም። ጸሐይወርቅን ዛሬም እህቴ እላታለሁ። ግን የሆነው ሆኗል፤ ዝም ብዬ ብሞት ደግሞ ለእናንተ አይበጅም።

ነገሩ እንደ ፈረንጆቹ በሰማንያ ስድስት ነው። ከጸሐይወርቅ ጋር በስደት አገር፣ ፓርክዴል የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ሆስፒታል ላውንድሪ አንሶላ አጥባለሁ፣ እሷ ሆቴል ታጸዳለች። የጸሎት ጓደኛሞች ነን። ረቡዕ ረቡዕ አብረን እንጾማለን፣ የልባችንን እንነጋገራለን፤ የተነጋገርነውም ከሁለታችን አይወጣም። ደንባችን ይኸው ነበር።

በዚያ ዓመት በረዶ እንቅልፍ ጠፋኝ። ምግቡ ሁሉ አፈር አፈር አለኝ። ሰብዌይ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያ ቆሜ፣ ባቡሩ ሲመጣ፣ እግሬ ወደ ጠርዙ ይለኝ ጀመር። ደንግጬ ሐኪም ዘንድ ሄድኩና ክኒን ሰጠኝ። በአምስተኛው ሳምንት ሽንኩርት እየከተፍኩ መዝሙር ሳንጎራጉር ለራሴም ገረመኝ።

ረቡዕ ለጸሐይወርቅ ሁሉንም ነገርኳት። አቅፋኝ አለቀሰች። ክኒኑን ትራሴ ሥር እንደማስቀምጥም አሳየኋት።

ቅዳሜ ከሰዓት ጸሎት አለን፤ ፈረንጆች የቤተ ክርስቲያናቸውን ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱን፣ ለቀውልን። መሪያችን ወንድም ሙሉነህ፣ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲል ጸሐይወርቅ ብድግ አለች።

«ስም አልጠራም» አለች። «አንዲት እህታችን የጭንቀት መንፈስ ይዟት ክኒን ትውጣለች። ሆስፒታል አንሶላ የምታጥብ ናት።»

ከሃያ ሦስታችን አንሶላ የማጥበው እኔ ብቻ ነኝ። ከኋላዬ አንዷ፣ «ውይ! እኔ እኮ የከሳችው በጾም መስሎኝ!» ስትል ሰማሁ።

«እህት ኤልፍነሽ፣ ወደ ፊት ነይ» አለኝ ወንድም ሙሉነህ። «የምታምኚው ጌታን ነው ክኒኑን?»

«ጌታን ነው። ክኒኑንም እሱ የሰጠኝ መስሎኝ።»

«ሁለት ባላ መትከል እምነት አይደለም!»

«አንደኛው ባይኖር እኮ እስካሁን ወድቄ ነበር፣ ወንድሜ።»

ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ጫኑብኝ። አለቀስኩ፤ እነሱ ተፈታች ብለው እልል አሉ። እኔ ያለቀስኩት በእፍረት ነው።

ቤት ስገባ ትራሴን ባነሳ ባዶ ነው።

«ጸሐይዬ፣ ክኒኔስ?»

«ጠዋት ሽንት ቤት ደፋሁት።»

«ምን?»

«ስለምወድሽ እኮ ነው፣ አንቺ! ስታቅማሚ እኔ ልመንልሽ ብዬ።»

«የነገርኩሽ ለዚህ ነው?»

«ታዲያ ሰይጣንን ደብቄ ልያዝልሽ?»

ፊቷ ላይ ተንኮል የለም። ተንኮል ቢኖርማ በቀለለኝ።

ሦስት ቀን አልተኛሁም። በአራተኛው ወደ ሰብዌይ መውረድ ፈራሁ። በበረዶው በእግሬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ፣ ወደ ቤዝመንቱ ሳይሆን ወደ ላይ። የፈረንጆቹ ቄስ ሴት ናት፤ የእኛዎቹ «ሴትዮዋ ቄስ» እያሉ ይስቁባት ነበር። እንግሊዝኛዬ ስብርብር ያለ ነው፤ ባቡሩን በእጄ አሳየኋት፣ እግሬንም አሳየኋት። ገባት። ስለ እምነቴ አንድ ነገር አልጠየቀችኝም። «በልተሻል?» አለችኝ። ሾርባ አሞቀችልኝ፣ በስትሪትካር፣ በመንገድ ላይ ባቡሩ፣ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ፣ በር ላይ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። አዲስ ክኒን ይዤ ስንመለስ፣ «ሌላውን በኋላ እናወራለን፣ አሁን ተኚ» አለችኝ።

ልጆቼ፣ ወገኖቼ ነፍሴን ሊያድኑ ሲጣደፉ እኔን ረስተውኝ ነበር። እግዜር ግን የሚወዳት ይህችኑ እንቅልፍ ያጣችውን ኤልፍነሽን ይመስለኛል።

ሁለት መንገድ አልፌ ሌላ ክፍል ተከራየሁ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ረቡዕ ጸሐይወርቅ ብርቱካን ይዛ በሬን አንኳኳች።

«ጾሙ ለብቻዬ አልሆን አለኝ» አለች።

አስገባኋት። ተንበረከክን። እንደ ድሮው እጄን ያዘችኝ።

«ምን ልጸልይልሽ፣ እህቴ?»

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ባቡሩ ሲመጣ ያ ነገር ተመልሶብኝ፣ ግድግዳ ይዤ ቆሜ ነበር። ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«ለጉልበቴ» አልኳት። «ጉልበቴን ያመኛል።»

ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም። እሷ ግን እያለቀሰች አጥብቃ ጸለየች፤ እኔም አሜን አልኩ።